ትምህርት አሥራ አራት፦ የመጀመሪያው ብስክሌት (የማመዛዘን ድርሰት)

የትምህርቱ ዓላማ

ይህን ትምህርት ስትጨርሱ ሁለት ነገሮችን በመስፈርት አመዛዝናችሁ ወደ ውሳኔ የሚያደርስ ድርሰት መጻፍ፣ «ከ… ይልቅ»ንና «ቢ…ም»ን በተገቢው ቦታ መጠቀም፣ እንዲሁም ከባዕድ ቋንቋ ወደ አማርኛ የገቡ የሙያ ቃላትን ለይታችሁ ማወቅ ትችላላችሁ።

ሀ. ከንባብ በፊት

የሚከተሉትን ጥያቄዎች በቃል ተወያዩባቸው።

1. በምትኖሩበት አካባቢ ተማሪዎች ወደ ትምህርት ቤት የሚመላለሱት በምን በምን ነው?
2. ፈረስ ወይም በሬ የሚገዛ ሰው ከመግዛቱ በፊት ምን ምን ይመለከታል? ለምን?
3. ከሁለት ዕቃዎች አንዱን ለመምረጥ ተቸግራችሁ ታውቃላችሁ? በመጨረሻ የወሰናችሁት በምን ምክንያት ነበር?

ለ. ምንባብ

የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ።

ወይፈኑ ሁለት ጊዜ አይሸጥም

ብስክሌት በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ ጨዋታ በተካፈለችበት በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ከተማ ከሯጮቻችን ጋር ብስክሌተኞቻችንም ተሰልፈው ነበር። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ በዓለም የታወቀውን የቱር ደ ፍራንስ ውድድር በመሳተፍ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ይሁን እንጂ ብስክሌት የውድድር መሣሪያ ብቻ አይደለም፤ ለብዙ ሰው የሥራና የትምህርት ቤት መመላለሻ ነው። ባሕር ዳርን የመሰሉ ሜዳማ ከተሞች በብስክሌተኞቻቸው ሲታወቁ የኖሩትም ስለዚህ ነው።

የምዕራብ ሸዋ ምድር ግን እንደ ባሕር ዳር ሜዳ አይደለም። ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምት የሚወስደው አውራ ጎዳና ሆለታን፣ አዲስ ዓለምንና ጊንጪን አልፎ ከዋና ከተማው በስተምዕራብ 115 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከምትገኘው ከአምቦ ይደርሳል። አምቦ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከዚያ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ጉደር ይወረዳል፤ ከጉደር በኋላ መንገዱ እንደገና ዳገቱን ይዞ 2,500 ሜትር አካባቢ ወደምትገኘው ወደ ጌዶ ይወጣል። ከአምቦ በስተደቡብ ወደ ወንጪ ሐይቅ የሚያወጣው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን መንገድ ደግሞ መንገደኛውን ወደ 3,000 ሜትር ያደርሰዋል። በጊንጪ ዙሪያ ያለው ሜዳ ምንም እንኳ ለዓይን የተስተካከለ ቢመስልም አፈሩ መረሬ ነው፤ በበጋ እየተሰነጣጠቀ፣ በክረምት ደግሞ እንደ ሊጥ እየተጣበቀ እግረኛውንም ጋሪውንም ያስቸግራል። በእንዲህ ያለ አገር ሁሉም ዓይነት ብስክሌት እኩል አያገለግልም።

የተራራ ብስክሌት የሚባለው ዓይነት የተፈጠረው ይህን ለመሰለ መንገድ ነው። አፈጣጠሩም ገንዘብ ለሚያጥረው ሰው ትምህርት የሚሰጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ዓመታት በአሜሪካ አገር፣ በካሊፎርኒያ፣ ታማልፓይስ ከሚባለው ተራራ አካባቢ የነበሩ ወጣቶች ሌላው ሰው የጣላቸውን ባለ ወፍራም ጎማ አሮጌ ብስክሌቶች እየለቀሙና እየጠገኑ በጥርጊያ መንገድ ቁልቁል ይወዳደሩባቸው ነበር። የብስክሌቶቹ የኋላ ፍሬን በቁልቁለቱ ላይ እጅግ ስለሚግል በውስጡ ያለው ቅባት ተቃጥሎ ያልቅና ከእያንዳንዱ ግልቢያ በኋላ እንደ አዲስ መሞላት ነበረበት። የውድድሩ ቦታ «ሪፓክ» የሚል ስም ያገኘው ከዚሁ የተነሣ ነው፤ ቃሉ እንደገና መሙላት ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 ጆ ብሪዝ የተባለው ብስክሌት ሠሪ ለዚህ ዓይነት ግልቢያ ብሎ አዲስ ቴላዮ ሠራ። እ.ኤ.አ. በ1996 በአትላንታ ከተማ የተራራ ብስክሌት ውድድር የኦሎምፒክ ጨዋታ ሆነ። እንግዲህ ይህ መሣሪያ የተጀመረው በመደብር መስተዋት ውስጥ በሚያብረቀርቅ ዕቃ ሳይሆን በታደሰ አሮጌ ብስክሌት መሆኑን ልብ ይሏል።

አሁን ነገሩን በምሳሌ እንመልከት። ከጊንጪ ወጣ ባለ ገጠር የምትኖር አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ አለች እንበል። ትምህርት ቤቷ ከቤቷ 6 ኪሎ ሜትር ይርቃል። በእግር በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ብትሄድ መንገዱ 72 ደቂቃ ይፈጅባታል። በብስክሌት በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር ብትሄድ ግን በ30 ደቂቃ ትደርሳለች። በደርሶ መልስ በቀን 84 ደቂቃ፣ በአምስት የትምህርት ቀናት ደግሞ 7 ሰዓት ታተርፋለች ማለት ነው። ሰባት ሰዓት ውኃ ቀድታ፣ እናቷን ረድታ፣ ትምህርቷንም ለምታጠና ልጅ ቀላል ነገር አይደለም። አባቷ ይህን አስበው አንድ ወይፈን ሸጡ። ገንዘቡ ለአንድ ብስክሌት ይበቃል፤ ለሁለተኛ ግን አይተርፍም። ምርጫው ቢሳሳት የሚታረምበት ሌላ ወይፈን በበረቱ የለም።

አባትና ልጅ በገበያ ቀን ወደ ከተማ ወጡ። በአንድ ሱቅ ደጃፍ አዲስ ቀይ ብስክሌት ቆሟል። ከፊትም ከኋላም አሞርዛተር፣ የዲስክ ፍሬን፣ ሃያ አንድ ማርሽ አለው። ዋጋው ከያዙት ገንዘብ ጋር ልክ ለልክ ነው። ልጅቱ ዓይኗን ከቀዩ ልትነቅል አልቻለችም። አባትየው ግን የሚያውቁትን ሳያማክሩ መግዛት ስላልፈለጉ በዕድሜ ጠና ካሉ አንድ ጎሚስታ ዘንድ ሄዱ። በጎሚስታው ግድግዳ ላይ አንድ አሮጌ ሰማያዊ የተራራ ብስክሌት ተደግፎ ነበር፤ የሚሸጥ ነው። ዋጋውም የያዙትን ገንዘብ ከዐሥር ቢከፍሉት ሰባቱን እጅ ብቻ የሚወስድ ነበር።

«ጋሼ፣ ቀዩ ሃያ አንድ ማርሽ አለው። ይኸኛው ዐሥራ ስምንት ብቻ ነው» አለች ልጅቱ።

«ልጄ፣ የማርሹን ብዛት አትቁጠሪ፤ ትንሹ ማርሽ ምን ያህል ትንሽ እንደ ሆነ ጠይቂ» አሏት ጎሚስታው። ከዚያም መሬት ላይ በጣታቸው እየጻፉ ያስረዷት ጀመር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የብስክሌት ጉልበት የሚወሰነው በፊተኛውና በኋለኛው ጥርሳም ክብ መካከል ባለው ንጽጽር ነው። የፊተኛው 44፣ የኋለኛው 18 ጥርስ ቢኖረው ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር የኋላው ጎማ 2.44 ጊዜ ይዞራል። የ26 ኢንች ጎማ በአንድ ዙር 2.07 ሜትር ያህል ስለሚሄድ ብስክሌቱ 5 ሜትር ይጓዛል። የፊተኛው 24፣ የኋለኛው 28 ቢሆን ግን በአንድ የፔዳል ዙር የሚጓዘው 1.8 ሜትር ያህል ብቻ ነው። በየ100 ሜትሩ 8 ሜትር በሚወጣ ዳገት ላይ የመጀመሪያው ብስክሌት በእያንዳንዱ የፔዳል ዙር ጋላቢውን 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ላይ ማንሣት አለበት፤ ሁለተኛው ግን 14 ሴንቲ ሜትር ብቻ። አንዱ ጉልበት ይጨርሳል፤ ሌላው በዝግታም ቢሆን ያወጣል። ስለዚህ ዳገት ላለበት አገር ከማርሹ ብዛት ይልቅ የትንሹ ማርሽ ልክ ይበልጣል።

ቀጥሎ ፍሬን ነው። የወጣ ሁሉ መውረዱ አይቀርምና ፍሬን ከማርሽ ይቀድማል እንጂ አይከተልም። የዲስክ ፍሬን በደንብ የተሠራ ከሆነ በጭቃና በዝናብ ጊዜ የቸርኬውን ጠርዝ ከሚይዘው ፍሬን የተሻለ ነው፤ ይህን ማንም አይክደውም። ነገር ግን በርካሽ ብስክሌት ላይ የሚገጠመው የዲስክ ፍሬን ቶሎ ቶሎ መስተካከል የሚፈልግ ሲሆን ሸራውም በየትንሹ ከተማ አይገኝም። የቸርኬ ፍሬን ግን የሚጠይቀው የፍሬን ጎማና ሽቦ ብቻ ነው። ጎሚስታው ወደ ሱቁ አብረዋቸው ሄደው የቀዩን ብስክሌት የፍሬን እጀታ ቢጨብጡት እስከ መሪው ድረስ ዘለቀ፤ ጎማው ግን መዞሩን አላቆመም። «ይህ ይስተካከል ይሆናል። ሸራው ሲያልቅ ግን እኔ ዘንድ የለም» አሉ።

ሦስተኛው አሞርዛተር ነው። የፊት አሞርዛተር በኮረኮንች መንገድ ላይ ክንድን ያሳርፋል። ሆኖም ዋጋው ዝቅተኛ በሆነ ብስክሌት ላይ ያለው አሞርዛተር ብዙውን ጊዜ ከባድ ጥምዝ ሽቦ ብቻ ነው፤ የኋላ አሞርዛተር ከታከለበት ደግሞ ክብደቱ ይጨምራል፣ የሚላላው መገጣጠሚያ ይበዛል፣ በዳገትም ላይ የጋላቢው ጉልበት ከፊሉ ወደ ጎማው ሳይደርስ በመወዛወዝ ይባክናል። ገንዘብ ለሚያጥረው ሰው ርካሹ አሞርዛተር ወፍራም ጎማ ነው፤ አየሩን በልኩ ካደረጉት መንገዱን ያለሰልሳል።

አራተኛው የብስክሌቱ ልክ ነው። ለጋላቢው የማይስማማ ብስክሌት ደኅና ቢሆንም መጥፎ ነው። ሁለቱን እግር መሬት ላይ አሳርፎ ብስክሌቱን በመካከል አድርጎ ሲቆሙ በሰውነትና በላይኛው ብረት መካከል ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ሊኖር ይገባል። በመቀመጫው ላይ ተቀምጦ ተረከዝን ዝቅ ባለው ፔዳል ላይ ሲያደርጉ ደግሞ እግር ቀጥ ማለት አለበት። ልጅቱ በሰማያዊው ላይ ስትሞክረው መቀመጫውን ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ማድረግ ብቻ በቂ ሆነ። በመረሬ አፈር ለሚሄድ ሰው ደግሞ በጎማውና በሹካው መካከል ያለው ክፍተት መታየት አለበት። ክፍተቱ ጠባብ ከሆነ ጭቃው ይወተፍና ጎማው መዞሩን ያቆማል።

አባትየው ይህን ሁሉ በጸጥታ ሲያዳምጡ ቆይተው «የዚህ የአሮጌው ዕድሜ በምን ይታወቃል? ፈረስ ስገዛ እኔ ጥርሱን አያለሁ» አሉ።

«ኦቦ፣ የዚህም ዕድሜ የሚታወቀው በጥርሱ ነው» አሉ ጎሚስታው ፈገግ ብለው። «ጥርሱ እንደ መጋዝ ከሾለ አርጅቷል ማለት ነው። ካቴናውን ደግሞ በሜትር እንለካዋለን፤ ይመልከቱ።»

አዲስ ካቴና በ24 ክፍሎቹ፣ ከችንካር መሀል እስከ ችንካር መሀል ሲለካ 12 ኢንች፣ ማለትም 304.8 ሚሊ ሜትር ይሆናል። እያገለገለ ሲሄድ ችንካሮቹና ቀዳዳዎቹ ስለሚበሉ ይረዝማል። ርዝመቱ 306 ሚሊ ሜትር ተኩል ከደረሰ ካቴናውን መለወጥ ይገባል፤ 308 ካለፈ ግን ጥርሶቹም አብረው ስለሚያልቁ ወጪው ይበዛል። የሰማያዊው ካቴና 307 ሆኖ ተገኘ። ካቴናው ይለወጣል፤ ጥርሱ ግን ገና ነው። ከዚያም ጎሚስታው ቴላዮው የተበየደባቸውን ቦታዎች ሁሉ በጨርቅ ጠርገው ስንጥቅ እንደሌለ አሳዩ። ጎማዎቹን አንሥተው አሽከረከሩ፤ የኋለኛው ቸርኬ ትንሽ ይወላገዳል፤ «ይህ በሽቦዎቹ ይቃናል» አሉ። የፔዳሉን ክንዶች ይዘው ወደ ጎን ቢወዘውዟቸው አንደኛው ኩሽኔት ልል ሆኖ ተገኘ፤ ይህንም አልደበቁም። በመጨረሻ ሻጩ ብስክሌቱን የገዛበትን ደረሰኝ አቀረበ። ደረሰኝ ከሌለ በሁለት ምስክሮች ፊት ውል መጻፍ ያስፈልጋል፤ የተሰረቀ ዕቃ የገዛ ሰው ገንዘቡንም ስሙንም ያጣልና።

አባትና ልጅ ገንዘቡን እንዲህ ደለደሉት። ከዐሥር እጅ ሰባቱ ለሰማያዊው ብስክሌት ሆነ። ሁለቱ እጅ ለአዲስ ካቴና፣ ለፍሬን ጎማ፣ ለኩሽኔት፣ ለመለዋወጫ ከለመዳሪ፣ ለመንፊያና ለቁልፍ ዋለ። አንዱ እጅ ለነገ ብልሽት ተቀመጠ። ቀዩን ገዝተው ቢሆን ለመንፊያ እንኳ የሚተርፍ ሳንቲም አልነበረም። «ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው» እንደሚባለው የብስክሌት ዋጋ የሚያልቀው ከሱቁ ሲወጣ አይደለምና።

ልጅቱ በዚያ ቀን ደስ አላላትም፤ ወደ ቤት ስትመለስም ሁለት ጊዜ ወደ ሱቁ ዞራ ተመልክታለች። ሰማያዊውም ቢሆን ሁሉን ነገር አልፈታላትም። በሰኔ፣ በፈተናው ሳምንት ዝናቡ ሲበረታ የመረሬው ጭቃ ጎማውን ስለያዘው ግማሽ ኪሎ ሜትር ያህል ብስክሌቷን ተሸክማ ተሻገረች። አስፋልቱ ጋ ስትደርስ ጭቃውን በእንጨት ፍቃ ተሳፈረች፤ የፈተናው ደወልም ሳይደወል ደረሰች። ፍሬኑ ያዘ።

ሐ. የቃላት ፍች

መረሬ፦ ውኃ ሲነካው የሚጣበቅ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ ጥቁር አፈር
ቴላዮ፦ የብስክሌት ወይም የመኪና ዋና አካል፣ ሌላው ዕቃ የሚገጠምበት
ቸርኬ፦ ጎማ የሚያርፍበት ክብ ብረት
ከለመዳሪ፦ በጎማ ውስጥ ያለ አየር የሚሞላ ላስቲክ
ካቴና፦ የፔዳሉን ኃይል ወደ ኋላው ጎማ የሚያስተላልፍ ሰንሰለት
ኩሽኔት፦ የሚሽከረከር ዕቃ ያለ ፍትጊያ እንዲዞር የሚያደርግ፣ ጥይት ወይም ዘንግ ያለበት ክብ መሣሪያ
አሞርዛተር፦ የመንገድን ንዝረት የሚያበርድ መሣሪያ
ጎሚስታ፦ ጎማ ጠጋኝ፣ የጎማ ባለሙያ
ልብ ይሏል፦ ማስተዋል ይገባል

መ. የምንባቡ ጥያቄዎች

1. ምንባቡ «ወይፈኑ ሁለት ጊዜ አይሸጥም» የሚል ርእስ የተሰጠው ለምን ይመስላችኋል?
2. የካሊፎርኒያ ወጣቶች ታሪክ በምንባቡ ውስጥ የገባው ምን ለማስረዳት ነው? ሁለት ምክንያቶች ጥቀሱ።
3. የፊተኛው ጥርስ 32፣ የኋለኛው 32 ቢሆን ባለ 26 ኢንች ጎማ ብስክሌት በአንድ የፔዳል ዙር ስንት ሜትር ይጓዛል?
4. ጎሚስታው የሚሸጠውን ብስክሌት ጉድለት አለመደበቃቸው በአባትየው ውሳኔ ላይ ምን ለውጥ ያመጣል?
5. ጸሐፊው የዲስክ ፍሬንን ብልጫ ከተቀበለ በኋላ ምርጫውን ወደ ሌላው ያዘነበለው በምን ምክንያት ነው?
6. የምንባቡ የመጨረሻ ዐረፍተ ነገር ሁለት ቃላት ብቻ ነው። ለምን አጠረ? ከየትኛው የምንባቡ ክፍል ጋር ይያያዛል?

ሠ. ሰዋስው

1. ማወዳደር በአማርኛ

በአንዳንድ ቋንቋዎች ሁለት ነገሮች ሲወዳደሩ ቅጽሉ ራሱ ቅርጹን ይለውጣል። በአማርኛ ግን ቅጽሉ አይለወጥም፤ ብልጫው የሚታወቀው «ከ» በሚለው መስተዋድድ ነው።

ምሳሌ፦ ሰማያዊው ከቀዩ ቀላል ነው።

ብልጫውን ለማጉላት ሲፈለግ «ይልቅ» ይጨመራል።

ምሳሌ፦ ከማርሹ ብዛት ይልቅ የትንሹ ማርሽ ልክ ይበልጣል።

ማሳሰቢያ፦ «የተሻለ» የሚለው ቃል በራሱ ብልጫን ስለሚያመለክት «የበለጠ የተሻለ» ብሎ መጻፍ ድግግሞሽ ነው። እንዲሁም «ይህ ብስክሌት የተሻለ ነው» ብቻ ብሎ መተው አንባቢውን «ከምን? በምን?» ብሎ እንዲጠይቅ ያደርገዋል። የማወዳደሪያ ዐረፍተ ነገር ሁለቱን ተወዳዳሪዎችና የሚወዳደሩበትን ነገር ሊይዝ ይገባል።

2. «ቢ…ም» እና የፍርድ ቦታ

የሚከተሉትን ሁለት ዐረፍተ ነገሮች አስተያዩ።

ሀ) ቀዩ ብስክሌት ቢያምርም ፍሬኑ አይዝም።
ለ) የቀዩ ብስክሌት ፍሬን ባይዝም መልኩ ያምራል።

ሁለቱም የያዙት ፍሬ ነገር አንድ ነው፤ ፍርዳቸው ግን ተቃራኒ ነው። የመጀመሪያውን የተናገረ ሰው ብስክሌቱን አይገዛም፤ ሁለተኛውን የተናገረ ሳይገዛ አይቀርም። ይህም የሆነው በአማርኛ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ዋናው ግሥ በመጨረሻ ስለሚመጣና «ቢ…ም» ያለበት ሐረግ የሚታመንበትን ነገር ግን ፍርዱን የማይለውጠውን ጉዳይ ስለሚይዝ ነው። ስለዚህ ስታመዛዝኑ፣ የምትቀበሉትን የተቃራኒ ነጥብ በ«ቢ…ም» አስቀድሙ፤ የምትፈርዱበትን በማሠሪያ አንቀጹ አስከትሉ።

3. የተውሶ ቃላት

አዲስ መሣሪያ ወደ አንድ አገር ሲገባ ስሙን ይዞ ይገባል። በምንባቡ ውስጥ ካሉት ቃላት «ጎማ»፣ «ካቴና»፣ «ቴላዮ»፣ «ኩሽኔት»፣ «ከለመዳሪ»፣ «ጎሚስታ» ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ለምሳሌ «ከለመዳሪ» በጣሊያንኛ «የአየር ክፍል» የሚል ትርጉም ካለው ከሦስት ቃላት ሐረግ የተገኘ ሲሆን በአማርኛ አንድ ቃል ሆኗል። ቃላቱ ከገቡ በኋላ ግን የአማርኛን ሕግ ይከተላሉ፦ ጎማ፣ ጎማው፣ ጎማዎች፣ ጎማዎቻችን፣ ባለጎማ። ከዚሁ ጋር «ጥርስ»፣ «መሪ»፣ «ክንድ» የሚሉት ነባር ቃላት በመመሳሰል አዲስ ትርጉም ተጨምሮላቸው ለብስክሌት ክፍሎች መጠሪያ ሆነዋል። ስለዚህ ቋንቋ የሚያድገው በመዋስም፣ ያለውን ቃል በማስፋትም ነው።

መልመጃ 1

በ«ከ… ይልቅ» ወይም በ«ቢ…ም» አያይዛችሁ አንድ ዐረፍተ ነገር አድርጉ።

1. ብስክሌቱ አሮጌ ነው። ቴላዮው አልተሰነጠቀም።
2. የዲስክ ፍሬን በጭቃ ጊዜ ይይዛል። መለዋወጫው አይገኝም።
3. የኋላ አሞርዛተር ያስፈልጋል። ወፍራም ጎማ የበለጠ ያስፈልጋል።
4. ዳገቱ ረጅም ነው። በትንሹ ማርሽ ይወጣል።

መልመጃ 2

የጋሪ፣ የወፍጮ ወይም የመኪና ዕቃ መጠሪያ የሆኑ ዐሥር ቃላት በአካባቢያችሁ ካሉ ባለሙያዎች ጠይቃችሁ ጻፉ። ነባር የሆኑትንና በተውሶ የገቡትን ለዩ። በአፋን ኦሮሞ የተለየ መጠሪያ ያላቸው ካሉ ከጎናቸው አመልክቱ።

ረ. ድርሰት፦ የማመዛዘን ድርሰት አጻጻፍ

የማመዛዘን ድርሰት ሁለት ወይም ከዚያ በላይ የሆኑ ነገሮችን በመስፈርት አስተያይቶ ወደ ውሳኔ የሚደርስ ድርሰት ነው። ነገሮቹን መግለጽ ብቻ በቂ አይደለም፤ አለመወሰንም ድርሰቱን ጎዶሎ ያደርገዋል። በሚጽፉበት ጊዜ የሚከተሉትን አምስት ደረጃዎች መጠበቅ ያስፈልጋል።

አንደኛ፦ ጉዳዩንና የሚፈለግበትን ዓላማ መግለጽ። «ብስክሌት» ሳይሆን «በመረሬ መንገድ 6 ኪሎ ሜትር ለመመላለስ የሚያገለግል ብስክሌት» ብሎ መወሰን ይገባል። ዓላማው ሳይታወቅ የተሻለውን ማወቅ አይቻልም።

ሁለተኛ፦ መስፈርቶችን መምረጥና በቅደም ተከተል ማስቀመጥ። ሁሉም መስፈርት እኩል አይመዝንም። በምንባቡ ውስጥ ፍሬን ከመልክ፣ የመለዋወጫ መገኘትም ከማርሽ ብዛት ይቀድማል።

ሦስተኛ፦ ሁለቱንም ነገሮች በአንድ መስፈርት መመዘን። አንዱን በዋጋ፣ ሌላውን በመልክ መዝኖ መፍረድ አድልዎ ነው።

አራተኛ፦ የተቃራኒውን ብልጫ ማመን። የተጣለው ነገር ምንም በጎ ነገር እንደሌለው አድርጎ የሚጽፍ ሰው አይታመንም።

አምስተኛ፦ መወሰንና የውሳኔውን ዋጋ መናገር። ማንኛውም ምርጫ የሚያስቀረው ነገር አለ።

የሚከተሉትን ሁለት አንቀጾች አወዳድሩ።

የመጀመሪያው አንቀጽ፦

«ብስክሌት በጣም ጠቃሚ ነው። አዲስ ብስክሌት ጥሩ ነው። አሮጌ ብስክሌትም ጥሩ ነው፤ ግን አንዳንዴ ይበላሻል። ቀይ ብስክሌት በጣም ያምራል። ስለዚህ ሁሉም ሰው እንደ ፍላጎቱ መግዛት አለበት።»

ሁለተኛው አንቀጽ፦

«እኔ የምፈልገው ከጉደር ጌዶ ባለው ዳገት ላይ ዕቃ ለማድረስ የሚያገለግል ብስክሌት ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ ፍሬኑን፣ ቀጥሎ ትንሹን ማርሽ፣ በመጨረሻ ዋጋውን አያለሁ። አዲሱ ብስክሌት ቀለል ያለ ቢሆንም ትንሹ ማርሹ ጭነት ይዞ ዳገት አያወጣም። አሮጌው ከአዲሱ 2 ኪሎ ይከብዳል፤ ነገር ግን ፍሬኑ ደኅና፣ ማርሹም ተስማሚ ነው። በሜዳ ላይ እንደምዘገይ እያወቅሁ አሮጌውን መርጫለሁ።»

የመጀመሪያው አንቀጽ ዓላማ የለውም፤ «ጥሩ» የሚለው ቃል በምን ጥሩ እንደ ሆነ አይናገርም፤ መጨረሻውም ውሳኔ ሳይሆን ከውሳኔ መሸሻ ነው። ሁለተኛው ግን ምን እንደሚፈለግ ይናገራል፤ መስፈርቱን በቅደም ተከተል ያስቀምጣል፤ የአዲሱን ብልጫ ያምናል፤ ከውሳኔው የሚመጣውንም ጉድለት አይደብቅም። አንባቢው በፍርዱ ባይስማማ እንኳ ጸሐፊው በምን መንገድ ከዚያ እንደ ደረሰ ያያል። የማመዛዘን ድርሰት ዋና ጥቅሙም ይኸው ነው።

መልመጃ 3

1. ልጅቱን ሆናችሁ ቀዩን ብስክሌት ለመግዛት አባታችሁን የምታሳምኑበት አንድ አንቀጽ ጻፉ። በምንባቡ ውስጥ የተነገረውን እውነት ግን አትካዱ፤ በ«ቢ…ም» ተቀበሉት።

2. ጎሚስታው ብስክሌቱን የሚሸጡት ራሳቸው ቢሆኑ ኖሮ ምክራቸውን በምን ታረጋግጡ ነበር? ሦስት ማረጋገጫዎችን በዝርዝር ጻፉ።

3. ከሚከተሉት ርእሶች አንዱን መርጣችሁ፣ አምስቱን ደረጃዎች ጠብቃችሁ፣ ከ200 እስከ 250 ቃላት ያለው ድርሰት ጻፉ።

ሀ) ለአንድ ገበሬ፦ ፈረስ ወይስ ጋሪ የሚጎትት አህያ?
ለ) ለአንድ ትምህርት ቤት፦ አዲስ መጻሕፍት ወይስ የአሮጌዎቹ ጥገና?
ሐ) ለአንድ ተማሪ፦ በየሰዓቱ የሚከራዩት ብስክሌት ወይስ ገንዘብ አጠራቅሞ የራስን መግዛት?

ድርሰቱን ከጻፋችሁ በኋላ ከጓደኛችሁ ጋር ተለዋወጡ። ጓደኛችሁ የመጨረሻውን ዐረፍተ ነገር በእጁ ሸፍኖ የቀረውን ያንብብ። ውሳኔያችሁን ከምክንያቶቻችሁ ብቻ ተነሥቶ ማወቅ ከቻለ ድርሰቱ በትክክል ተመዝኗል፤ ካልቻለ ግን ወደ ሁለተኛው ደረጃ ተመልሳችሁ መስፈርቶቻችሁን እንደገና አሰልፉ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላልና፣ በመጻፍም ሆነ በመግዛት ጊዜ አስቀድሞ መመዘን ኋላ ከመጸጸት ያድናል።